ከቆዳ ወደ ቆዳ

ፖርዝ-ሌን፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2003

ለምወድህ ጎልቬን፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዬ ስለዘገየብህ ይቅር በለኝ። «ምነው እጅሽ ከበደ?» ላልከው፣ እጄ አልከበደም፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሩጫ በዝቶብኝ ነው። ዛሬ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ይኸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ። መድኃኒትህን አግኝቻለሁ። እዚህ ሰፈር ካለው ፋርማሲ አልገዛሁም፤ እንዳልከኝ አውቶቡስ ይዤ ማንም የማያውቀን ከተማ ሄጄ ነው ያመጣሁት። ፓኬቶቹን በሱፍ ካልሲዎችህ ጠቅልዬ ከተቀያሪዎቹ መርከበኞች ጋር ልኬልሃለሁ። ተሸካሚው ዕቃውን ዳሰስ አድርጎ «እሜቴ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማን ይበርደዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ምን ልበል?

ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናትህም ጭምር። ሐኪሞቹ ካንሰር ነው ብለው ሁለቱንም የዘር ፍሬህን ካወጡ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ መንደሩ ግን ዛሬም የሚያውቀው የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ እንደዳንክ ነው። የወንድ ሆርሞን ትከሻህ ላይ እየተቀባህ እንደምትኖር ከእኔ አፍ የሚሰማ ሰው የለም። አታስብ። ብቻ፣ በየቀኑ እየተቀባህ ነው ወይ?

ልጃችን ብሌዌን አድጋለች። በበጋ የገዛንላት ጫማ ጠቧታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የክፍሏን ልጅ በቦክስ አፍንጫውን መታች ተብሎ አስጠሩኝ። መምህሯ «አምስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው» አለችኝ። የሚያስገርም አይመስልህም? ብቻ አድጋለች።

ጣሪያው በምዕራብ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። እናትህ ደህና ናቸው፤ የባሕር ወሽመጡን ዞረው ለመምጣት ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው እኛ ነን የምንሄደው።

ራስህን ጠብቅ።

ሶአዚግህ


ቪክቶሪያ ወደብ፣ ሲሼልስ፣ ኦክቶበር 24

ሶአዚግ፣

ካልሲው ደርሶኛል፤ ውስጡ ያለውም። ከእኔ በላይ ካለው አልጋ የሚተኛው የሞተር ክፍሉ ዲዲዬ «ሚስትህ በረዶ አገር የሄድክ መስሏታል እንዴ?» ብሎ መርከቡን ሁሉ አሳቀብኝ። ይሳቁ። ካልሲውን እንጂ ሌላውን አላዩም።

«እየተቀባህ ነው ወይ?» ላልሽኝ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ማለዳ ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ የመታጠቢያውን በር ቆልፌ ትከሻዬን፣ ደረቴንና ሆዴን እቀባለሁ፤ እስኪደርቅ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዲዲዬ በሩን እየደበደበ «አንተ ሙሽራ ነህ ወይስ ዓሣ አጥማጅ?» ይለኛል። «ሽቶ ነው» አልኩት። «ለማን? ለቱናው?» አለኝ።

ሶአዚግ፣ ይህ አልኮል አልኮል የሚሸት ቀዝቃዛ ነገር ሰው አድርጎኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁበትን ክረምት ታስታውሻለሽ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ ዛሬም ደክሞታል?» ስትልሽ እሰማ ነበር፤ ዞር ብዬ ለማየት ግን አቅም አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን በጋውን ሙሉ ከነቁምጣዬ፣ ሸሚዝ ሳልደርብ፣ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜያት ወደ ባሕሩ ወረድን። ከምሳ በኋላ ባዶ ደረቴ ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች። እዚህ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለኝ የእሷን ክብደት ነው የማስበው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። «አድጋለች» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጻፍሽው። አንቺ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምትይው ሦስተኛውን ለመደበቅ ነው። ምንድን ነው?

ጎልቬን


ፖርዝ-ሌን፣ ኖቬምበር 10

ጎልቬን፣

አወቅክብኝ። ስለደበቅኩህ ይቅርታ። አንተ እዚያ ሆነህ ምንም ማድረግ አትችልም ብዬ ነው።

ከሰኔ ጀምሮ ብሌዌን ስትሮጥ ውላ ስትመጣ ላቧ እንደ ትልቅ ሰው ይሸት ነበር። አጠብኳት፤ አለቀቀም። ግንባሯ ላይ ብጉር ወጣ። ቀጥሎ በዕድሜዋ ሊበቅል የማይገባው ፀጉር አየሁባት። አንተ እስክትሄድ ዝም አልኩ። ዓይንህ ገና በርቶ ነበር፤ ላጠፋው አልፈለግኩም። በሸኘንህ ማግስት ወደ ሐኪም ወሰድኳት፤ እሱም በዚያው ቀን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከን።

ደሟን አዩት። በደሟ ውስጥ ያለው የወንድ ሆርሞን ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ደም ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው አሉ። ሐኪሟ ማዳም ኬራል ትባላለች፤ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። «ከኩላሊቷ በላይ ባለችው ሆርሞን አመንጪ ትንሽ አካል ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ በቅሎ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ሆዷን ባነሱት ፎቶ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር አለ፤ ዕጢ ይሁን አይሁን አልታወቀም። ሆዷን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጎልቬን።

«ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃል ሰጥቼሃለሁና «የለም» አልኩ። የልጅቱ በሽታና ያንተ ነገር ምን አገናኘው? መዝገቧ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ያሉ ሰዎች በሌላ ዓይን ያዩኝ ጀመር።

አትምጣ። ሥራህን መሀል ላይ ጥለህ ከመጣህ ካፒቴኑ ዳግመኛ አይወስድህም። ለእሷ ሆዷ ታሟል ብያታለሁ። እሷ ግን «ሆዴን አያመኝም፤ ለምን ትዋሻለሽ?» አለችኝ።

ሶአዚግ


ባሕር ላይ፣ ኖቬምበር 28

ሶአዚግ፣

ደብዳቤሽን ያመጣልን ጀልባ ሲመለስ ይህን ይዞልኝ እንዲሄድ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ለካፒቴኑ «ልጄ ታማለች» አልኩት። «ያንተ ልጅ ብቻ ናት የምትታመመው?» አለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ተቀያሪ የለኝም» አለ። ዘልዬ ባሕር ብገባ እንኳ የምደርስበት መሬት የለም።

ካንሰሩ ከእኔ ወደ እሷ ተላልፎ ነው ወይ? ይህን ጠይቂልኝ። ከእኔ ደም ወርሳው ከሆነ እንዳትሸሽጊኝ።

ስለ እኔ ግን አደራ። ያቺ ሐኪም ብታውቅ ነርሷ ታውቃለች፤ ነርሷ ካወቀች እህቷ ዓሣ ገበያው ውስጥ ናት። ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቴ ወደቡ ላይ እቆማለሁ? ልጄን አይጠቅማት፤ እኔን ይገድለኛል። አደራ።

«ሰዎች በሌላ ዓይን ያዩኝ ጀመር» ያልሽው ምን ማለትሽ ነው? አልገባኝም።

ጎልቬን


ፖርዝ-ሌን፣ ዲሴምበር 12

ጎልቬን፣

ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርህ። ተቀምጠህ አንብበው።

ካንሰሩን አልወረሰችም፤ ጠይቄልሃለሁ። ዕጢም ላይሆን ይችላል። ያን ደብዳቤ ከጻፍኩልህ በኋላ ደሟን ደግመው ወሰዱ፤ ሆርሞኑ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሦስተኛም ጊዜ ወሰዱ፤ የለም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ማዳም ኬራል ግን አልተደሰተችም። «ዕጢ ቢሆን በራሱ አይጠፋም። ከውጭ የመጣ ነገር ነው። ከመስከረም ወዲህ ቤታችሁ ውስጥ ምን ተለወጠ?» አለችኝ።

«ምንም። ባለቤቴ ባሕር ከመሄዱ በቀር» አልኩ።

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

በሳምንቱ ልጆች ቤታቸው ውስጥ እንዳይነኩ የምትከታተል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታችን መጣች። ትሁት ናት። ሻይ አልጠጣም አለች። አልጋችንን አየች፤ የብሌዌንን አልጋ አየች፤ የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ አየች። ከዚያ ልጅቱን ለብቻዋ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አነጋገሯት። አሻንጉሊት ሰጥተው «አባትሽ ቤት ሲሆን ምን ትጫወታላችሁ?» አሏት። እሷም ነገረቻቸው። «አባዬ ልብሱን አውልቆ ደረቱ ላይ ያስተኛኛል። ይቀዘቅዛል፤ ደስ ይላል» አለች። ይህንኑ ጻፉት። እንደዚያው፣ ቃል በቃል። ሴትየዋ ስታነብልኝ የራሴ ልጅ ንግግር አልመስል አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ብትጠላኝም እውነት ነው። አንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ተጠራጠርኩህ። ምግብ እየሠራሁ ተጠራጠርኩህ። ልብስህን እያጠፍኩ ተጠራጠርኩህ። ማታ ላይ በራሴ አፈርኩ፤ ጥርጣሬው ግን ሄጃለሁ ብሎ በሩን ዘግቶ አልወጣም።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ፤ ሚስትህ ሆኜ ነው የምጠይቅህ። አንተ ቤት ስትኖር ልጃችን ትታመማለች፤ ስትሄድ ትድናለች። ለምን?

ሶአዚግ


ቪክቶሪያ ወደብ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 2004

ሶአዚግ፣

በስልክ ጮኼብሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ። መስመሩ መጥፎ ነበር፤ ድምፄም የእኔ አልነበረም። ያልኩትን ሁሉ መስማትሽን ስላላወቅኩ እደግመዋለሁ።

ደብዳቤሽን ሞተር ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። መጀመሪያ ተቆጣሁ። አንቺን ረገምኩ፤ ሴትየዋን ረገምኩ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። «ደረቱ ላይ ያስተኛኛል። ይቀዘቅዛል።» ስለምን ይቀዘቅዛል? በነሐሴ ፀሐይ የሰው ደረት ይቀዘቅዛል እንዴ? ደረቴ ላይ ምን እንዳለ ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም የለም።

ቅባቱ በእኔ ቆዳ ገብቶ ደሜን ከሞላ፣ በእሷ ቆዳስ የማይገባው ለምንድን ነው? የእኔ ቆዳ በር ከሆነ የእሷ የባሰ ስስ በር ነው። ማለዳ ተቀብቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳት። በየቀኑ፣ ሶአዚግ። እየሳቅኩ።

ስልኩ ያለው ካፒቴኑ ክፍል ነው፤ ሌላ የለም። ካፒቴኑ ነበር፣ ማብሰያ ቤቱ በሩ አጠገብ ነው፣ ዲዲዬም ቡናውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ለሐኪሟ ንገሪያት! ቅባቱን ንገሪያት! የዘር ፍሬ እንደሌለኝ ንገሪያት!» ብዬ የጮኽኩት እነሱ እየሰሙ ነው። ስልኩን ስዘጋ ካፒቴኑ አውልቆት የማያውቀውን ቆቡን አውልቆ፣ ራሱን አክኮ ወደ ውጭ ወጣ። ዲዲዬ ብቻ «ታዲያ ሽቶ ነው ያልከኝ እሱ ነው?» አለ። «አዎ» አልኩት። ቡናውን ሰጠኝ። አንዳቸውም እስከ ዛሬ አልሳቁም። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህ ነበር እንዴ?

ፓኬቶቹን በሙሉ ባሕር ውስጥ ጥያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ያ ነገር ገላዬን አይነካውም።

ስለተጠራጠርሽኝ አልጠላሁሽም። ምን አለች? ሐኪሟ ምን አለች? ትድናለች?

ጎልቬን


ፖርዝ-ሌን፣ ጃንዋሪ 16

ጎልቬን፣

ነገርኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ካፖርቴን በምሽት ልብሴ ላይ ደርቤ ሄድኩ። ማዳም ኬራል ሰምታኝ ስትጨርስ ግንባሯን በሁለት እጆቿ ያዘች። «ሴትዮ፣ ጠየቅኩሽኮ» አለችኝ። «አዎ፣ ጠይቀሽኝ ነበር» አልኳት። ፋርማሲስቱም ሲሸጥልኝ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ልብስ መሸፈን አንድ ነገር ጀምሮልኝ ነበር፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ፓኬቱን ከእጁ ነጥቄ ነው የወጣሁት። ሐፍረታችን ነው ጆሯችንን የደፈነው፤ ያንተም የእኔም።

ትድናለች። ብጉሩ ጠፍቷል፣ ሽታውም ጠፍቷል፤ ሌላውም እየሳሳ ይሄዳል አለችኝ። በቦክስ መማታቱንም ትታለች። አንድ ነገር ግን ወደ ኋላ አይመለስም ይሆናል። የእጇን አጥንት በራጅ አይተውት፣ አጥንቷ ከእሷ ቀድሞ ሮጧል አሉ። የስምንት ዓመት ልጅ አጥንት ነው። ቶሎ ማደግ ልታቆም ትችላለች፤ አጭር ሴት ትሆን ይሆናል፤ ላትሆንም ትችላለች። እየጠበቅን እናያለን።

ክፉውን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ብርታት እስካገኝ ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ወረቀት ቀድሞ ለሕፃናት ዳኛዋ ሄዷል። ማዳም ኬራል ደብዳቤ ጽፋላቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ የተከፈተ ጉዳይ በሐኪም ደብዳቤ አይዘጋም፣ ዳኛዋ ራሷ መስማት አለባት ይላሉ። እስከዚያ ስትመለስ ቤትህ መግባት አትችልም። እናትህ ጋ ትቀመጣለህ። እንዲህ ብዬ የምጽፍልህ እኔ መሆኔ!

ደግሞስ ምን ሆነህ ነው መድኃኒቱን የጣልከው? ማን ጣል አለህ? ጠይቄያለሁ፤ በመርፌ የሚሰጥ አለ፤ ከቆዳ ወደ ቆዳ አያልፍም። ያለ እሱ ምን እንደምትሆን አንተም እኔም እናውቃለን።

ሶአዚግ


ኬርመል፣ እናቴ ቤት፣ ፌብሯሪ 9

ሶአዚግ፣

መጣሁ። ከእናቴ ጓሮ ቆሜ ውኃውን አሻግሬ ቤታችንን አያለሁ። ጣሪያው በምዕራብ በኩል በእርግጥ ተበላሽቷል። ልብስ ስታሰጪ አየሁሽ፤ እጄን አላነሳሁም።

«ሐኪም ጋ ሄድክ ወይ?» ብለሽ በእናቴ በኩል ላስጠየቅሽኝ፣ አልሄድኩም። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗን አፍጥጣ «የወንድ ጉዳይ ነው ብለህ ከእኔ ደበቅከው? ሽንት ጨርቅህን ያጠበው ማን ነበር፣ የመንደሩ ቄስ?» አለችኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። የቅቤ ቂጣ ጋግራ ታስቀምጥልኛለች፤ ሳይነካ ታነሳዋለች።

ያ ክረምት ተመልሶ መጥቷል። ሙቀት ከእግሬ ተነስቶ ፊቴን ያቃጥለኛል፤ ወዲያው ይበርደኛል። ጫማዬን ለማሰር ተቀምጬ ማሰሪያውን ይዤ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በማይረባ ነገር አለቅሳለሁ፤ ትናንት ራዲዮ ላይ የአየር ጠባይ ሲነገር አለቀስኩ። ይህ የሚገባኝ ነው። እኔ ሰው የሆንኩት የልጄን አጥንት እያስሮጥኩ ከሆነ፣ ሰው አለመሆን ይሻለኛል።

ዳኛዋ የፈለገችውን ትወስን። ብትፈቅድም አልመጣም። ብሌዌን ትጥላኝ፣ ትርሳኝ። እንደሌለሁ ቁጠሩኝ። ማለዳ ማለዳ ድንጋዩ ላይ ቆሜ ውኃው ሲሞላ አያለሁ፤ ለረጅም ጊዜ አያለሁ፤ እናቴ መጥታ በክንዴ ይዛ ትመልሰኛለች።

ጎልቬን


ፖርዝ-ሌን፣ ፌብሯሪ 11

ጎልቬን!

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤህን አንብቤ ወዲያው ለእናትህ ደወልኩ። ነገ ጠዋት እሳቸውና ጎረቤታቸው ወደ ሐኪም ይወስዱሃል፤ ብትወድም ባትወድም። «አልሄድም ካለ እንደ ድንች ከረጢት ጎትቼ መኪና ላይ እጭነዋለሁ» ብለዋል፤ እንደሚያደርጉት ታውቃለህ። ከዚያ ድንጋይ ራቅ። ይህን የምልህ በልመና አይደለም።

«እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» ብለሃል። ብሌዌን የማትቆጥርህ ብትሆን ኖሮ በቀለለኝ። ልጅህ ምን እንደሆነች ታውቃለህ? አዋቂ ሁሉ ከራሷ በላይ ሲያወራ ሰምታለች። «በቆዳ ነው የሚተላለፈው»፣ «መነካካት የለባቸውም»፣ «አባቷ ታሟል»። ይህን ሁሉ ገጣጥማ የራሷን ነገር ሠርታለች። ከጃንዋሪ ወዲህ ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። እኔንም ጭምር። ራሷን ትታጠባለች፣ ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች፤ የኋላ ፀጉሯ ሁልጊዜ እንደተቋጠረ ነው። ትምህርት ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ እሷ ጓንት ታደርጋለች። ብርድ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።

ትናንት ልስማት ጎንበስ ስል ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ተይ፣ እንዳትታመሚ» አለችኝ። «ለምን እታመማለሁ?» አልኳት። «አባዬን ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ ተኝቼ ኃይሉን ወሰድኩበት። ለዚህ ነው ከውኃው ማዶ እማማ ጋ የተኛው» አለች።

አላለቀሰችም፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የነገረችኝ። «አይደለም» አልኳት። አላመነችኝም፤ ስለ ሆድ ሕመሙ ዋሽቻት ነበርና። አንተ ግን ዋሽተሃት አታውቅም።

ጻፍላት። መቆም ካቃተህ ተኝተህ ጻፍላት።

ሶአዚግ


ኬርመል፣ ፌብሯሪ 20

ብሌዌኔ፣

ይህን እናትሽ ታንብብልሽ። ማንበብ ስትጨርስ ወረቀቱን ውሰጂው፤ ያንቺ ነው።

አንቺ አላሳመምሽኝም። እኔ የታመምኩት አንቺ ሦስት ዓመትሽ ሳለ ነው። ሐኪሞች በሽታውን ቆርጠው ሲያወጡ ኃይል የሚሰጠኝም ነገር አብሮ ወጣ። ስለዚህ ኃይሉን ከፋርማሲ እየገዛሁ ደረቴ ላይ እቀባ ነበር። አንቺ ስትተኚብኝ ቅባቱ አንቺንም ነካሽ። ለአባት የተሠራ ኃይል ነው፤ ለልጅ ይበዛል። ያንን ልጅ በቦክስ የመታሽው በእኔ ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ከእኔ ምንም አልወሰድሽም። መጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልተጠነቀቅኩም።

አሁን ቅባቱን ትቻለሁ። ከሳምንት በፊት በመርፌ ሰጡኝ። የት እንደወጉኝ አያትሽን፣ እማማን፣ ብትጠይቂያት ትነግርሻለች፤ እኔ አፍሬ ነው። መቀመጥ አቅቶኝ ሾርባዬን ቆሜ ጠጣሁ። እማማ ስቃ ስቃ ወንበር ላይ ወደቀች።

ቆዳሽ ንጹሕ ነው። እናትሽ ብትነካሽ አትታመምም። አያትሽ ብትነካሽ አትታመምም። እኔም ብሆን። ዳኛዋ ጉዳያችንን እስክትሰማ ድረስ እሑድ እሑድ መጥቼ እንዳይሽ ፈቅዳልኛለች። ልትነኪኝ ካልፈለግሽ አትንኪኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይሻለሁ፤ እሱም ይበቃኛል።

አባትሽ


ፖርዝ-ሌን፣ ማርች 8 ቀን 2004

ለምወድህ ጎልቬን፣

እንዴት ነህ? መርፌው ውሎ ሲያድር ኃይል መስጠት ጀምሯል፤ ትናንት ደረጃውን ስትወጣ አይቼ አውቄያለሁ። መልክህ ግን ከስቷል።

ዛሬ ጠዋት በስልክ «እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን አለች?» ላልከኝ እነሆ።

እንዳየኸው ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ዓሣ ስትስል ነበር። ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋም አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። አንተ እጆችህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ፣ እንደ ተማሪ ተቀምጠህ ነበር። ሰዓቱ ደርሶ ስትነሳ «ደህና ሁኚ» አልካት፤ እሷም «ደህና ሁን» አለች። ፊትህን ያኔ አየሁት። በሩን ዘግተህ ስትወጣ አንድም ነገር እንዳልተለወጠ አስበህ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር።

ሠራተኛዋ ወረቀቷን ሰብስባ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ከጠበቅኩት ይለያል» አለችኝ። ዳኛዋ በሚቀጥለው ወር ትሰማናለች። ምን እንደምትወስን አላውቅም፤ አንተንም ተስፋ አልመግብህም። ማዳም ኬራልም የልጅቱን እጅ እንደገና በራጅ የምታየው በመኸር ነው። ያም አይታወቅም።

ብሌዌን እንደ ልማዷ ለብቻዋ ገብታ ታጠበች። የመኝታ ልብሷን ለብሳ ወጣችና አልጋዋ ላይ ወጥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሂጂልኝ ማለቷ መስሎኝ መብራቱን ላጠፋ ስነሳ፣

«አባዬ ቆሞ ነው ሾርባ የጠጣው?» አለችኝ።

«ቆሞ ነው።»

«ቂጡን ነው የወጉት?»

«ቂጡን ነው።»

ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ኖሯል። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር «እማዬ፣ ጀርባዬን ይበላኛል» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ቆሜ ቀረሁ።

«እከኪልኝ እንጂ!» አለችኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ልብሷን ከፍ አድርጌ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩት። ደነገጠች፤ አልሸሸችም። «እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለች። ላነሳው ስል «አታንሺው» አለች። ከዚያ እንደ ድሮዋ ታዘኝ ጀመር፤ «ከፍ በዪ፣ አይ፣ ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ፣ እዚያ ጋ።»

አከክኩላት፣ ጎልቬን። እንቅልፍ ከወሰዳትም በኋላ እጄን አላነሳሁም።

ሶአዚግህ